በቤት ውስጥ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ሲደክም ስለሚደረግ ምርመራ

የንግድ ሥራ ዛሬ በመደብርና በመሥሪያ ቤት ሰዓት ብቻ የሚፈጸም አለመሆኑን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። ከሩቅ ምሥራቅ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የላኪው መልስ የሚደርሰው ገና ሳይነጋ ነው፤ ወደ አውሮፓ ቡናና ሰሊጥ የሚልክ ደግሞ የገዢውን ደብዳቤ የሚቀበለው ሱቆች ከተዘጉ በኋላ ነው። ስለዚህ የነጋዴውም የጸሐፊውም ላፕቶፕ ማታ ማታ በቤት ይከፈታል። በዚያን ጊዜም ደብዳቤው አልሄድ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ አልሰማ ያለ እንደ ሆነ፣ ብዙ ሰው ወዲያው «መስመሩ ደካማ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው ከገዛ ቤታችን ግድግዳ ውስጥ ነው። እኔ ሁለቱን ለይቶ የማወቂያውን መንገድ የተማርሁት ገንዘብ ከፍዬ ስለ ሆነ፣ ሌላው ሰው ሳይከፍል ይማረው ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ እገልጻለሁ።

እኔ የአንድ ሰሊጥ ላኪ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። የምኖረው በአዲስ አበባ፣ ከወላጆቼ በወረስሁት የጭቃ ቤት ሲሆን፣ ከልጆች ጫጫታ ለመራቅ የማታውን ሥራ የምሠራው ከዋናው ቤት በስተጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ነጋዴዎች ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚሉት የመርከብ ጭነት ሰነድ ረቂቁ ደርሶን፣ የከረጢቱ ቍጥር ተሳስቶ ተገኘ። ማረሚያውን ገዢው አይቶ ማጽደቅ ነበረበት። የገዢው መሥሪያ ቤት የሚዘጋው በእነርሱ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ይህም በዚያ ወር በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። እኔም በ12 ሰዓት ከሩብ ሰነዱን አርሜ፣ ስካን አድርጌ ላክሁ። የላክሁ መሰለኝ እንጂ አልሄደም ነበር። ያች ትንሽ ክብ በመስኮቱ ላይ እየተሽከረከረች ግማሽ ሰዓት ሞላ። ደገምሁት፤ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት። በመጨረሻ ተስፋ ቈርጬ ላፕቶፑን እንደ ታቀፍሁ ወደ ዋናው ቤት ስገባ፣ ሳሎኑ በር ላይ ገና ሳልቀመጥ ፋይሉ ሄደ። ሰዓቱ ግን 1 ሰዓት ከ20 ሆኖ ነበር፤ የገዢው ሠራተኛም ወደ ቤቱ ሄዷል። የማረሚያው ጊዜ በዚያው ሌሊት ስላለፈ፣ ሰነዱን ለማሳረም ተጨማሪ ክፍያ ከፈልን።

አለቃዬ «አይዞህ፣ ሰው ነህ» አሉኝ። ነገር ግን ያንን ክፍያ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደምጽፈው ሲጠይቁኝ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። እኔም ዕፍረቱ ስላስቸኰለኝ፣ ምንም ሳልመረምር በሳምንቱ የቤቴን የኢንተርኔት ፓኬጅ በእጥፍ አሳደግሁ። የወር ክፍያው ጨመረ፤ በሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ያለው ፍጥነት ግን ፈቀቅ አላለም።

የእህቴ ልጅ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚማር ነው። አንድ እሑድ ሊጠይቀን መጥቶ ነገሩን ባወራሁት ጊዜ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ በገመድ አገናኝተው ሞክረዋል?» ሲል ጠየቀኝ። አልሞከርሁም ነበር። ትምህርቴም የጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ኢንተርኔት ከእኛ ላፕቶፕ ለመድረስ ሁለት መንገድ ይሄዳል። የመጀመሪያው ከአገልግሎት ሰጪው ተነሥቶ በስልክ ሽቦ ወይም በፋይበር እስከ ራውተሩ ያለው ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ በአየር ላይ የሚሄደው ሲሆን፣ ዋይፋይ የምንለውም ይኸው ነው። በየወሩ የምንከፍለው ለመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው። ጠቅላላው ፍጥነት ደግሞ ከሁለቱ የጠባቡን ያህል ይሆናል እንጂ አያልፍም። ከጅቡቲ እስከ ከተማችን ሰፊ አስፋልት ተነጥፎ፣ ከመጋዘኑ በር ፊት ያለው ቅያስ ግን ጋሪ ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ አስፋልቱን የቱንም ያህል ቢያሰፉት ተሳቢው ከቅያሱ አፍ ላይ ቆሞ ያድራል። እኔ በእጥፍ የከፈልሁት አስፋልቱን ለማስፋት ነበር።

ምርመራው እንዲህ ይደረጋል። ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት፤ የላፕቶፑን ዋይፋይ መዝጋት፤ በቤቱ ያሉትን ስልኮችና ቴሌቪዥኑን ለጥቂት ደቂቃ ከኢንተርኔት ማላቀቅ፤ ከዚያም ፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ከፍቶ ሦስት ጊዜ መለካትና በወረቀት መጻፍ። በአንዳንድ ቀጫጭን አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የገመዱ ቀዳዳ የለም፤ ለእነርሱ በዩኤስቢ የሚሰካ ማገናኛ ከኮምፒዩተር ሱቅ ይገኛል። ቀጥሎ ገመዱን ነቅሎ፣ ከዚያው ክፍል በዋይፋይ መለካት፤ በመጨረሻም ከሥራው ቦታ ተቀምጦ መለካት ነው። እኔ በገመድ 9 ሜጋ ቢት፣ በሳሎን በዋይፋይ 8 አገኘሁ፤ በሰርቪስ ቤቱ ግን 1 እንኳ አልሞላም። ስለዚህ መስመሩን ያለ ጥፋቱ ስወቅሰው ኖሬያለሁ ማለት ነው። በገመድ የተለካው ራሱ ከተከፈለበት እጅግ ያነሰ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን፣ ቤት ውስጥ ዕቃ ማዛወር አይጠቅምም፤ የልኬቱን ወረቀት ይዞ ወደ አገልግሎት ሰጪው መሄድ ይገባል። ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ያለው ሰውም ይህን ያስታውስ፦ የእርሱ የመጀመሪያ መንገድም በአየር ስለ ሆነ፣ ራውተሩ የሞባይል ማማው ባለበት አቅጣጫ ከመስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ይሻላል።

አሁን ወደ አየሩ መንገድ እንመለስ። ዋይፋይ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ሬድዮ ነው። መረጃን ከፋፍሎ በሬድዮ ሞገድ ለኮምፒዩተሮች የማቀበሉ ሥራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በደሴቶቹ መካከል ተሞክሮ ነበር። በ1985 የአሜሪካ መንግሥት ጥቂት የሞገድ ክልሎችን ያለ ፈቃድ ማንም እንዲሠራባቸው ከፈተ፤ በ1997 ደግሞ የዛሬው ዋይፋይ የመጀመሪያ ደንብ ወጣ። ከእነዚያ ክልሎች አንዱ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀውም በዚሁ ክልል ስለ ሆነ፣ ምድጃው ሲበራ በአጠገቡ ያለው ዋይፋይ ይታወካል።

የዚህ ሞገድ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ደረቅ እንጨት፣ መስታወትና ደረቅ የጭቃ ግድግዳ እያደከሙትም ቢሆን ያሳልፉታል። ውሃ ይመጠዋል። ብረት ግን እንደ ኳስ ይመልሰዋል። ይህን አውቄ በገዛ ቤቴ ውስጥ ስዘዋወር፣ ሞገዱን ለመከልከል ሆን ብዬ ያዘጋጀሁት ይመስል ነበር። ራውተሩ የሚኖረው በሳሎኑ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነበረ። የቡፌው ጀርባ መስተዋት ነው፤ መስተዋት ደግሞ በስተኋላው በስስ ብረት የተቀባ ስለ ሆነ ለሞገዱ ግድግዳ ነው። ባለቤቴ ዕቃው ዐይን እንዳያሰቅቅ ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች። ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፤ ነገር ግን ራውተሩ እንዳይተነፍስ ያደርገዋል፤ የሚሞቅ ራውተርም ሥራው ይንከረፈፋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከቡፌው ቀጥሎ ፍሪጅ አለ። በግቢው መካከል ውሃ የሞላ ሮቶ ቆሟል። ሰርቪስ ቤቱ ራሱ የቆርቆሮ ግድግዳና የላሜራ በር ያለው ነው። ሞገዱ ይህን ሁሉ አልፎ ጠረጴዛዬ ላይ መድረሱ ራሱ የሚደንቅ ነው።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ ቆርቆሮ ባይኖርበትም የኮንክሪቱ ፌሮ አለበት፤ በተለይ ከፎቅ ወደ ፎቅ ባለው ወለል ላይ ይበረታል። ባለ ሱቆችም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በመደብር ውስጥ የታሸገ ውሃ ካርቶንና የቆርቆሮ ምግብ ሲደረደር፣ ትናንት ጥሩ የነበረው ሲግናል ዛሬ ዕቃው ሲገባ ሊጠፋ ይችላል። ዕቃው ሲሸጥ ደግሞ ይመለሳል። ባለ ሱቁም ይህን ሳያውቅ፣ ሲግናሉ በጠፋ ቍጥር መስመሩን ይወቅሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኀኒት ገንዘብ የማያስወጣው ነው፤ ራውተሩን ማዛወር። ከቡፌ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባና ከወለል አውጥቶ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ በተቻለ መጠን ከቤቱ መካከል ወይም ሥራ ወደሚሠራበት ክፍል አቅጣጫ ማስቀመጥ ነው። ዱላ የመሰለ አንቴና ያለው ከሆነ፣ ሞገዱ የሚወጣው ከጫፉ ሳይሆን ከጎኑ ዙሪያውን መሆኑን ማወቅ ያሻል። ብዙ ሰው አንቴናውን እንደ ጠመንጃ ወደ ክፍሉ ያነጣጥራል፤ ይህ ስሕተት ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም በዚያው ደርብ ላይ ላሉት ክፍሎች ይስማማል፤ ላይኛው ደርብ የሚፈለግ እንደ ሆነ ከሁለቱ አንዱን አንቴና ማጋደም ነው። የስልክ ሽቦን ማርዘም ቀላል ነው። ፋይበር ግን እንደ ፀጕር የቀጠነ ብርጭቆ ስለ ሆነ፣ ታጥፎ እንዳይሰበር በባለሙያ እጅ ይዛወር።

ሥራው መሻሻሉን በዐይን ግምት ሳይሆን በልኬት ማወቅ ይገባል። በላፕቶፑ ጥግ የሚታዩት የማራገቢያ ቅርጽ ያላቸው መስመሮች ሻካራ ሚዛን ናቸው። በአፕል ላፕቶፕ ላይ የኦፕሽንን ቁልፍ ተጭኖ የዋይፋዩን ምልክት ቢነኩት ትክክለኛው ቍጥር ይወጣል፤ በአንድሮይድ ስልክም ዋይፋይ የሚመረምር መተግበሪያ አውርዶ ያንኑ ማየት ይቻላል። ቍጥሩ ከዜሮ በታች የሚነበብ ነው፤ እንግዳ ለሆነበት ሰው እንደ ዕዳ ይቍጠረው፣ ዕዳው ባነሰ መጠን ሲግናሉ ይበረታል። ከዜሮ በታች 50 እጅግ ጥሩ ነው፤ 67 ለድምፅና ለምስል ጥሪ ይበቃል፤ 80 ሲደርስ ደብዳቤ እንኳ ይንገታገታል። የ10 ልዩነት ትንሽ አይምሰል፤ የኀይሉ ዐሥር እጥፍ ነው። በእኔ ቤት ራውተሩ ከቡፌው ወጥቶ ከሳሎኑ የኋላ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ በሰርቪስ ቤቱ ያለው ልኬት ከ82 ወደ 71 መጣ። አንድም ብር አላወጣሁም፤ መደርደሪያውን የሠራሁት ከአሮጌ ሳጥን ነው።

እዚህ ላይ ለሻጮችም ለገዢዎችም አንድ ቃል ልናገር። በገበያችን «አንቴናው ብዙ ስለ ሆነ ሩቅ ይደርሳል» እየተባለ ብዙ ራውተር ይሸጣል። ግን ዋይፋይ እንደ ሬድዮ ጣቢያ ተናግሮ ዝም የሚል አይደለም፤ ላፕቶፑም መልስ ይሰጣል፤ ለተቀበለው ለእያንዳንዱ ቁራጭ መረጃ «ደርሶኛል» ማለት አለበት። ከኮረብታ ላይ ድምፀ ጎርናናው ሰው ቢጣራ፣ ከሸለቆው ያለው ደካማ ድምፅ ያለው ሰው ይሰማዋል እንጂ መልሱን ሊያሰማው አይችልም። ደግሞም የማሠራጫው ኀይል በየአገሩ ሕግ የተወሰነ ነው፤ በአውሮፓ ለምሳሌ በ2.4 ክልል ከ100 ሚሊ ዋት እንዳያልፍ ተደንግጓል። ስለዚህ ርካሹና ውዱ ራውተር በጩኸት ብዙ አይበላለጡም። ውዱ የሚበልጠው በመስማት ችሎታውና ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ ጊዜ በማስተናገዱ ነው። ለደንበኛ እውነቱን የነገረ ሻጭ ዕቃው ተመልሶ አይመጣበትም። አስመጪ የሆነ አንባቢም፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በመገናኛ መሣሪያዎች ላይ የዓይነት ማረጋገጫ የሚጠይቅ መሆኑን ከትእዛዝ በፊት ያስብ።

ሲገዛ መጠየቅ የሚገባው ራውተሩ በሁለቱም የሞገድ ክልሎች፣ ማለት በ2.4ና በ5 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ መሆኑን ነው። በ5 ያለው ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ያደክመዋል፤ በ2.4 ያለው ቀርፋፋ ነው፣ ግን ራቅ ብሎ ይሄዳል። በሳሎን የተቀመጠ ሰው 5ን ይምረጥ፤ ከግድግዳ ወዲያ ያለው 2.4ን። አሮጌ ላፕቶፕ 5ን ጨርሶ ላያየው ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የጎረቤት ራውተር ሁሉ በ2.4 ላይ ስለሚጨናነቅ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚናገር ይሆናል። በዚህ ክልል ካሉት ቻናሎች እርስ በርሳቸው የማይነካኩት 1፣ 6ና 11 ብቻ ናቸው። መርማሪው መተግበሪያ የትኛው እንደ ተጨናነቀ ያሳያል፤ ከሦስቱ ባዶ ወደ ሆነው በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ መዛወር ነው። እግረ መንገዱንም የይለፍ ቃሉን መለወጥ አይከፋም፤ እኔ ስለውጠው ሁለት የማላውቃቸው ስልኮች ከመስመሬ ወረዱ።

ላፕቶፑም የራሱ ጥፋት አያጣም። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች አንቴናው የሚገኘው በመስተዋቱ ክፈፍ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ክዳኑን ከብረት ሣጥን ወይም ከፍሪጅ ላይ አስደግፎ መሥራት ሲግናሉን ይጎዳል፤ አንዳንዴ ላፕቶፑን ሩብ ዙር ማዞር ብቻ ይበቃል። በባትሪ ሲሠራ ኀይል ለመቆጠብ ሬድዮውን የሚያዳክም ልማድ አለው፤ ቻርጀሩ ሲነቀል የሚደክም ከሆነ ይህን በኀይል ማስተካከያው ውስጥ መፈለግ ነው። በፈጣኑ ዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ሃርድ ዲስክም በ2.4 ላይ ረብሻ ያወጣል፤ ገመዱን አርዝሞ ማራቅ ያድናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልበቃ እንደ ሆነ ነው እንግዲህ ዕቃ የሚገዛው። በገበያው በብዛት ያለው ኤክስቴንደር የሚባለው አቀባይ ነው። ርካሹ ዓይነት በአንዱ ሬድዮ ሰምቶ በዚያው መልሶ ስለሚናገር፣ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ብዙ ሰው ደግሞ ሲግናል ከጠፋበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል፤ ራሱ ያልሰማውን እንዴት ያቀብል? ቦታው ገና ሲግናል ካለበት ከመካከለኛው መንገድ ላይ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከራውተሩ እስከ ሥራው ክፍል የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ፣ ከዚያ ላይ ሁለተኛ ማሠራጫ መትከል ወይም ላፕቶፑን በቀጥታ ማገናኘት ነው። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ያለ ድካም ያደርሳል። በግቢ የሚያልፍ ከሆነ ፀሐይ ልባሱን እንዳይሰነጥቀው በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈን፣ ከመብራት ሽቦ ይራቅ፣ በክረምትም መብረቅ ሲበረታ ከሁለቱም ጫፍ ይነቀል።

ራውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ 10 ዋት ገደማ ስለ ሆነ፣ መብራት ሲጠፋ በአነስተኛ ዩፒኤስ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፤ ራውተሩ ስለሌለው ብቻ ሥራ ሲቋረጥ ብዙ አይቻለሁ።

እኔም በመጨረሻ 18 ሜትር ገመድ በቱቦ አድርጌ፣ በሮቶው ሥር አሳልፌ ወደ ሰርቪስ ቤቱ አስገባሁ። በጠረጴዛዬ ላይ የሚለካው ፍጥነት ከሳሎኑ ጋር እኩል ሆነ። ፓኬጁንም ወደ ቀድሞው መለስሁት፤ በየወሩ የተረፈው ብር የገመዱን ዋጋ በሦስተኛው ወር መለሰ። የ2016 ዓ.ም. የታኅሣሥ ረቂቅ ሰነድ ከደረሰን ከ10 ደቂቃ በኋላ ከገዢው ዘንድ ነበር። ዳንቴሉን ባለቤቴ ለቴሌቪዥኑ አልብሳዋለች።